ማንንም ሳይጠሩ መስማት

በሎስ አንጀለስ፣ በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከኦሊምፒክ ቡሌቫርድ እስከ ዊትወርዝ ድራይቭ ያለው አጭር መንገድ በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ስም ያገኘው በ2002 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ እንዲሰጥ የደከመው ትውልድ ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበር። ምግብ ቤት ከፍቷል፤ ታክሲ ነድቷል፤ በሆስፒታልና በመኪና ማቆሚያ ሌሊቱን ሠርቶ አድሯል፤ ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ አስገብቷል። ዛሬ ያ ትውልድ ሰባውንና ሰማንያውን እየያዘ ነው። ስለ ዲያስፖራው ሲጻፍ ግን የሚነሣው አሁንም ሐዋላ፣ ምርጫ፣ ቪዛና የልጆች ማንነት ነው። እርጅና በውይይቱ ውስጥ ቦታ አላገኘም፤ ከእርጅና ጋር የሚመጣው የዓይን ብርሃን ማጣት ደግሞ ከነጭራሹ አይነሣም።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ዕጣ ብቻ አይደለም። ግላኮማ በዓለም ላይ ሊመለስ የማይችል ዓይነ ስውርነት ከሚያስከትሉ ሕመሞች የመጀመሪያው ነው፤ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያላቸውን ሰዎች ደግሞ ቀደም ብሎና በርትቶ ያጠቃል። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ዕድሜያቸው 50 ዓመት ለሞላ አፍሪካዊ አሜሪካውያን ተገልጋዮቹ በየዓመቱ የግላኮማ ምርመራ የሚሸፍነው ስለዚህ ነው። በኢትዮጵያ የችግሩ መልክ ይለያል። በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን ሲያሳይ፣ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ ነበር። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። ግላኮማ የወሰደውን ግን አይመልስም፤ ሕክምናው የቀረውን ለማቆየት ብቻ ነው።

በሰባ ዓመቱ ብርሃኑን ያጣ ሰው በልጅነቱ ካጣው ሰው የተለየ ሕይወት ይገጥመዋል። በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ብሬሉን በጣቱ ያነባል፤ ቤቱን በእርምጃ ቆጥሮ ያውቃል። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ዓይነ ስውር ተማሪ ዜማውንና ቅኔውን በቃሉ ይዞ ይወጣል፤ ትምህርቱ ራሱ ከጆሮ ወደ ልብ የሚሄድ ስለሆነ ከዓይናማው ጓደኛው አያንስም። ዘግይቶ ዓይኑን ያጣ አዛውንት ግን ይህ ስንቅ የለውም። ብሬል ለመልመድ ጊዜውም ትዕግሥቱም ያጥራል፤ የስኳር ሕመም ካለ የጣቶቹ ስሜት ራሱ ደብዝዟል። የሚቀረው ጆሮ ነው። እዚህ ላይ ድምፅ የሚያጫውተው ትንሽ መሣሪያ የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ያበቃል፤ ጋዜጣም መጽሐፍም፣ የቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታም እሱው ይሆናል።

ከፌርፋክስ ብዙም ሳይርቅ በአንድ አፓርታማ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ጎጃም ውስጥ ታሪክ አስተምረዋል፤ በሰማንያዎቹ ተሰደው እዚህ ከደረሱ በኋላ ለረጅም ጊዜ በመኪና ማቆሚያ ሠርተዋል። ግላኮማው እንደ ልማዱ ያለ ሕመም መጣ፤ መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ በኋላም መሐሉን ወሰደ። ልጃቸው በጠዋት ወጥታ ወደ ማታ ትመለሳለች። የካሊፎርኒያ መንግሥት ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን የቤት ውስጥ ድጋፍ በሚከፍልበት ፕሮግራም አማካይነት አንዲት ተንከባካቢ በቀን ጥቂት ሰዓት ትመጣለች። የቀረው ሰዓት የእሳቸውና የዝምታው ነው።

ልጅቱ ዘመናዊ ስልክ ገዝታ የሚወዱትን ሁሉ ጫነችበት፦ የጥላሁን ገሠሠንና የማሕሙድ አሕመድን ዘፈኖች፣ የበገና መዝሙሮችን፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»። ከሥራ ስትመለስ ግን ቤቱን ሁልጊዜ ፀጥ ብሎ ታገኘዋለች። «አባዬ፣ ዛሬ ምን ሰሙ?» ስትላቸው «ደክሞኝ ጋደም አልኩ፣ ልጄ» ይሏታል። እውነቱን የነገረቻት ተንከባካቢዋ ናት። ስልኩን አንድ ጊዜ ታስከፍትላቸዋለች፤ የማይፈልጉት ሲመጣ ወይም ድምፁ ሲቋረጥ ግን ደግመው አይጠሯትም። ለምን እንደሆነ በኋላ ሲጠየቁ የመለሱት አጭር ነበር፤ «ለአንድ ዘፈን ሰው አይጠራም»።

በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የጉዳዩ ፍሬ ነገር አለ። እርዳታ አልጎደለም፤ መሣሪያም አልጎደለም። የጎደለው ያለ እርዳታ ሊሆን የሚገባው ነገር ያለ እርዳታ አለመሆኑ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ፣ በሰው ጣት የሚከፈት ሙዚቃም የራስ አይሆንም። መታጠብና መድኃኒት መውሰድ ሰው መጥራትን ግድ ሲሉ አዛውንቱ ይጠራሉ፤ ደስታን ግን በልመና ከመቀበል መተውን ይመርጣሉ። በልጅቱ ዓይን ድካም መስሎ የታየው ክብርን መጠበቅ ነበር።

ስልኩ ለምን አልሆነም? ዓይነ ስውራን ዘመናዊ ስልክን በሚገባ እንደሚጠቀሙበት የታወቀ ነው። አፕል ስክሪኑን የሚያነብ ድምፅ በአይፎን ላይ ያስገባው በ2009 ሲሆን፣ ይህ ለብዙ ወጣት ዓይነ ስውራን የሥራና የትምህርት በር ከፍቷል። ነገር ግን ለስላሳ መስታወት ላይ በአንድ ጣት መዳሰስ፣ በሁለት ጣት መንካት፣ በሦስት ጣት መጥረግ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው፤ በሰባ አምስት ዓመት፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ ሲማሩት ደግሞ እያንዳንዱ ስሕተት ወደማይታወቅ ቦታ ይወስዳል። መስታወቱ ጣት የት እንዳለ አይናገርም። ሰው የጠፋበትን ስፍራ የሚያውቀው የት እንደነበረ ሲያውቅ ነው፤ ስልኩ የነሳቸው ይህንን ነው።

በድምፅ የሚታዘዘው የቤት ድምፅ ማጉያም ተሞከረ። እንግሊዝኛቸው የመምህር እንግሊዝኛ ስለሆነ ሰዓትና የአየር ሁኔታ ሲጠይቁት ይመልስላቸዋል። «ጥላሁን ገሠሠ» ሲሉት ግን የእንግሊዝኛ ስም መስሎት ሌላ ነገር ያመጣል። እነዚህ ታዋቂ ረዳቶች ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለም። አዛውንቱ የገዛ አገራቸውን ዘፋኝ ስም በፈረንጅ አፍ አጣምመው እንዲጠሩ ተገደዱ፤ ሁለት ቀን ሞክረው ተዉት። ከዚያ በኋላ በኢንተርኔት የተገዛች ርካሽና ትንሽ ማጫወቻ መጣች። ቁልፎች ነበሯት፤ ግን አንዱ ቁልፍ በአጭሩ ሲጫኑት ዘፈን ይቀይራል፣ ቆየት አድርገው ሲጫኑት ድምፅ ይጨምራል፣ ሌላ ሜኑ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ፋይል ያጠፋል። ስክሪኗን ለሚያይ ሰው ይህ ብልሃት ነው። ለማያይ ሰው ወጥመድ ነው።

ነገሩ የተለወጠው ምርጫው ከልጅቱ እጅ ወጥቶ ወደ አባትየው ሲሄድ ነው። «ፈተናውን እኔ ላውጣ፤ አንቺ ዕቃውን አስፈትኚ» አሏት። ያወጧቸው ጥያቄዎች አምስት ነበሩ፤ እነሱም ብዙ የምርት መግለጫ የማይመልሳቸው ናቸው። አንደኛ፣ ቁልፎቹን ጣት በቅርጻቸው ይለያቸዋል ወይ? ሁለተኛ፣ አንድ ቁልፍ ሁልጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል ወይ? ሦስተኛ፣ ጠፍቶ ሲበራ ካቆመበት ይቀጥላል ወይ? አራተኛ፣ ሲጫኑት መልስ ይሰጣል ወይ፤ ማለትም ባትሪው አልቆ ዝም ያለውንና ቆሞ ዝም ያለውን መለየት ይቻላል ወይ? አምስተኛ፣ ማንም ሳያግዝ ቻርጅ ይደረጋል ወይ? የመጨረሻው ቀላል ቢመስልም ብዙ መሣሪያዎችን ይጥላል። በአንድ ጎኑ ብቻ የሚገባው የድሮው ማይክሮ ዩኤስቢ ገመድ ለማያይ ሰው በየማታው ትግል ነው፤ በሁለቱም ጎን የሚገባው ዩኤስቢ-ሲ ግን ትግሉን ያስቀረዋል።

ልጅቱ አንድ ስድስተኛ ነገር ጨመረች፤ መሣሪያው የራሱ ድምፅ ማጉያ ይኑረው አለች። የሚያይ ሰው ሁለት ጆሮውን በማዳመጫ ቢደፍን ዓይኑ በሩን ይጠብቅለታል። ለማያይ ሰው ጆሮ በርም መስኮትም ነው፤ የሚፈላውን ሻይ፣ የሚንኳኳውን በር፣ የሚገባውን ሰው የሚያውቀው በእሱ ነው። ሁለቱንም ጆሮ የሚደፍን ሙዚቃ ቤቱን ይዘጋበታል።

የሚገርመው፣ እነዚህን ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል የሚያልፍ ዕቃ አዛውንቱ በወጣትነታቸው ነበራቸው። ቴፕ ሪከርደር ነው። ቁልፎቹ ትልልቅና በተራ የተደረደሩ ናቸው፤ ሲጫኗቸው ወደ ታች ወርደው እዚያው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ጣት ራሱ የመሣሪያውን ሁኔታ ያነባል። ካሴቱ ሲያልቅ «ቀጭ» ብሎ ይነግራል። ካሴቱን አውጥተው ከወር በኋላ ቢመልሱት እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ቦታው የተመዘገበው በክሩ ላይ እንጂ በማሽኑ ውስጥ ስላልሆነ። የጥላሁን ካሴት ከሌላው እንዲለይ ጥግ ላይ በምላጭ መጫር ወይም የፕላስተር ቁራጭ መለጠፍ ይበቃል። ይህን ሁሉ ማንም ለዓይነ ስውር ብሎ አልሠራውም። ብረትና ላስቲክ ከዚያ የተለየ መንገድ ስላልነበራቸው ብቻ የሆነ ነው። ዲጂታሉ ዘመን ብረቱን ሲያስቀር ሳያውቅ ያስቀረው ነገር ይህ ነው።

የኪስ ማጫወቻዎች ታሪክ ይህን ያስረዳል። በ2001 የወጣው አይፖድ ሺህ ዘፈን በኪስ አስገባ፤ ዝርዝሩ ግን ድምፅ በሌለው ስክሪን ላይ ነበር፤ ጎማውም ጫፍ ስለሌለው ጣት የት እንደደረሰ አያውቅም። በ2009 የወጣችው ሦስተኛዋ አይፖድ ሸፍል የዘፈኑን ስም በድምፅ መናገር ጀመረች፤ የምትናገራቸው ቋንቋዎች 14 ነበሩ፣ አማርኛ ግን አልነበረበትም። በአንጻሩ ቁልፎቹ ከመሣሪያው ላይ ተነሥተው ወደ ማዳመጫው ገመድ ሄዱ። በቀጣዩ ዓመት ቁልፎቹ ተመለሱ፤ ስም የሚናገር የራሱ ቁልፍም ተጨመረ። ለማያይ ሰው ከተሠሩት የብዙኃን ማጫወቻዎች ምናልባት ምርጧ ይህች ነበረች። በ2017 ምርቷ ቆመ። የቆመበት ምክንያት ዓይነ ስውራንን አይመለከትም፤ ስልክ ሁሉንም ስለዋጠ ነው። ገበያ ሲወስን የብዙኃኑን ምቾት ቆጥሮ ነው፤ በብዙኃኑ ዕቃ ሳይታሰብ ሲጠቀም የነበረው ጥቂቱ ሰው ዕቃው ሲቀር አብሮ ይቀራል።

ገበያ የማይሠራውን መንግሥት ሠርቶ ያሳየበት ምሳሌ ግን እዚያው አሜሪካ ውስጥ አለ። ኮንግረስ በ1931 ባወጣው ሕግ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት ማቅረብ ጀመረ። በ1934 በሸክላ የተቀዱ «ተናጋሪ መጻሕፍት» መጡ፤ በኋላ ካሴት፣ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ዲጂታል ማጫወቻ ተተካ። ቴክኖሎጂው ሦስት ጊዜ ሲለወጥ አንድ ነገር አልተለወጠም፤ ማሽኑ ለተጠቃሚው በነፃ በውሰት ይሰጣል፤ ፖስታውም ነፃ ነው። የዲጂታሉ ማጫወቻ ቁልፎች በቅርጽም በቀለምም ይለያያሉ፤ መጽሐፉ ያለበት ካርትሪጅ ጣት የሚገባበት ቀዳዳ አለው፤ መሣሪያው ራሱ ስለ ራሱ ይናገራል። በደቡብ ካሊፎርኒያ ይህን አገልግሎት የሚያደርሰው በ1919 የተመሠረተውና ሎስ አንጀለስ በቨርሞንት ጎዳና የሚገኘው ብሬይል ኢንስቲትዩት ነው። ከፌርፋክስ የጥቂት ደቂቃ የመኪና መንገድ ነው። አገልግሎቱን ለማግኘት የሚያስፈልገው በአሜሪካ ነዋሪ መሆንና ማየት አለመቻሉን የሚያረጋግጥ ባለሙያ ፊርማ ነው።

መምህሩ ይህን ማጫወቻ ወስደው በእንግሊዝኛ የታሪክ መጻሕፍት መስማት ጀመሩ። ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳይጠሩ አንድ መጽሐፍ ጨረሱ። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ግን ግማሹን ሰው ብቻ አጠገበ። ሌላው ግማሽ አማርኛ ይፈልጋል።

ለዚህ ግማሽ ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት መንገድ አለ። የመጀመሪያው በብሪታንያ የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎች የተሠራ ሳጥን መሰል ማጫወቻ ነው፤ ክዳኑን ሲያነሡት ይዘፍናል፣ ሲከድኑት ዝም ይላል፣ አንድ ትልቅ ቁልፍ ወደሚቀጥለው ዘፈን ያሻግራል። ለሙዚቃ ብቻ ከሆነ ከዚህ የቀለለ የለም፤ ነገር ግን በረጅም ትረካ ውስጥ መፈለግ ለሚሻ ሰው አይበቃም። ሁለተኛው እንደ ካናዳው ቪክተር ሪደር ስትሪም ያለ ለዓይነ ስውራን የተሠራ የኪስ አንባቢ ነው። ቁልፎቹ እንደ ድሮ ስልክ በቁጥር የተደረደሩ ሲሆን አምስት ቁጥር ላይ ጣት የሚያገኘው ነጥብ አለ፤ ድምፅ ማጉያም አለው፤ እያንዳንዱን መጽሐፍ ከተተወበት ይቀጥላል። ጉድለቱ ዋጋው ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። ሦስተኛው ሮክቦክስ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር በተራ ማጫወቻ ላይ መጫን ነው። በፈቃደኞች የተሠራው ይህ ሶፍትዌር ሜኑውን በድምፅ ያነባል፤ ወጪው ትንሽ ነው፤ ግን የሚጭንለትና ሲበላሽ የሚያስተካክልለት ዘመድ ያስፈልገዋል። ምርጫው እንግዲህ በገንዘብና በሰው መካከል ነው፤ ገንዘብ ያለው መሣሪያ ይገዛል፣ ሰው ያለው መሣሪያ ያስተካክላል፣ ሁለቱም የሌለው በዝምታ ይቀመጣል።

ሦስቱም መንገዶች ግን አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ የአማርኛ ስም ላይ። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ከ1999 ወዲህ ፋይልን በፊደላችን መሰየም ችግር የለበትም። ችግሩ ስሙን የሚያነብ ድምፅ ነው። አማርኛ የማያውቅ መሣሪያ «ትዝታ» የሚለውን ስም ሲያገኝ ወይ ይዘለዋል ወይ ትርጉም የሌለው ነገር ያነበንባል። ማይክሮሶፍት «መቅደስ» እና «አመሐ» የተባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች ሠርቷል፤ እነሱ ግን የሚሠሩት በኢንተርኔት አገልግሎት በኩል ስለሆነ በኪስ ውስጥ ባለ ቀላል ማጫወቻ ላይ አይገኙም። ስሙን በላቲን ፊደል መጻፍም መፍትሔ አይሆንም፤ የእንግሊዝኛው ድምፅ አጣምሞ ሲያነበው ባለቤቱ የማያውቀው ዘፈን ይሆናል።

መፍትሔው የተገኘው ከሮክቦክስ አሠራር ነው። ይህ ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ አቃፊ በሰው ድምፅ የተቀዳ አጭር ስም እንዲቀመጥለት ይፈቅዳል፤ መሣሪያው አቃፊው ላይ ሲደርስ ያንን ስም ያሰማል። ሐሳቡን ግን ወደማንኛውም ማጫወቻ መውሰድ ይቻላል፦ አቃፊዎቹን በቁጥር ሰይሞ፣ በየአቃፊው የመጀመሪያ ፋይል አድርጎ የሦስት ሰከንድ ቅጂ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ቁጥሩን ማሽኑ በሚያውቀው ቋንቋ ያነበዋል፤ ስሙን ሰው ይናገረዋል። የብሪታንያ የዓይነ ስውራን ተቋም የሚያቀርበው ፔንፍሬንድ የተባለ እስክሪብቶ መሰል መሣሪያም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ተለጣፊ ወረቀት ላይ ሲያስጠጉት ባለቤቱ ራሱ የቀዳውን ድምፅ መልሶ ያሰማል።

ልጅቱ በመጨረሻ ባለ ቁጥር ቁልፉን አንባቢ መረጠች፤ ወንድሞቿ ገንዘቡን አዋጡ። ስሞቹን በራሷ ድምፅ ለመቅዳት ስትዘጋጅ ግን አባትየው ከለከሏት። «የእኔን መደርደሪያ የምሰይመው እኔ ነኝ» አሉ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ዘፈኖቹን በዘፋኝ ስም አልደረደሯቸውም። አንዱ አቃፊ «ደብረ ማርቆስ ሳለሁ» ነው፤ ሌላው «ከእናትሽ ጋር»፤ ሌላው «የጾም»። ልጅቱ ለወራት የጫነችውና ያደራጀችው ሁሉ ለካ የእሷ ሥርዓት ነበር። ዛሬ ከሥራ ስትመለስ አንዳንድ ቀን ቤቱ ፀጥ ብሎ ታገኘዋለች፤ አሁን ግን ፀጥታው እሳቸው የዘጉት ነው።

ከአንድ ቤት የሚወጣው ትምህርት ለፖሊሲ የሚሆነው ክፍተቶቹ ሲለዩ ነው። የመጀመሪያው ክፍተት የሕግ ነው። በአሜሪካ በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ በዋናነት ሥራን፣ ቦታንና አገልግሎትን ይመለከታል፤ በ2010 የወጣው የመገናኛና የቪዲዮ ተደራሽነት ሕግ ደግሞ መልእክት የሚያስተላልፉና ቪዲዮ የሚያሳዩ መሣሪያዎችን። ሙዚቃ ብቻ የሚያጫውት ቀላል ዕቃ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 30 በባህላዊ ሕይወት መሳተፍን መብት ያደርገዋል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በ2010 አጽድቃለች፤ የአሜሪካ ሴኔት ግን በ2012 ድምፅ ሰጥቶበት የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ ስላላገኘ እስካሁን አልጸደቀም። የጸደቀበት አገር መሣሪያ የለውም፤ መሣሪያ ያለው አገር አላጸደቀም። በፌርፋክስ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ አዛውንት በሁለቱ መካከል ቆሟል።

ሁለተኛው ክፍተት የይዘት ነው፤ እሱን ለመድፈን ግን በሩ ተከፍቷል። በ2013 የተፈረመው የማራካሽ ስምምነት ለዓይነ ስውራን የሚሆን የመጽሐፍ ቅጂ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲዘጋጅና ከአገር አገር እንዲሻገር ይፈቅዳል። ጉባኤው ሲጠናቀቅ ራሱ ዓይነ ስውር የሆነው ሙዚቀኛ ስቲቪ ዎንደር ማራካሽ ተገኝቶ ደስታውን በዘፈን ገልጿል። ስምምነቱ በአሜሪካ ከ2019 ጀምሮ ይሠራል፤ ኢትዮጵያም በ2020 አጽድቃዋለች። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ሥልጣን የተሰጠው ተቋም በድምፅ ያዘጋጀውን የአማርኛ መጽሐፍ በሎስ አንጀለስ ላለ አንባቢ በሕጋዊ መንገድ መላክ ይችላል። ስምምነቱ የሚሸፍነው መጻሕፍትን እንጂ ዘፈኖችን እንዳልሆነ ግን መታወቅ አለበት፤ የሙዚቃው መብት የዘፋኙና የአሳታሚው ነው፤ ይህን ማክበር የበጎ አድራጎቱ አካል ሊሆን ይገባል።

ሦስተኛው ክፍተት የቋንቋ ነው፤ ይህ ደግሞ የዲያስፖራውን ባለሙያ በቀጥታ የሚመለከት ነው። ያለ ኢንተርኔት፣ በትንሽ መሣሪያ ላይ የሚሠራ ጥራት ያለው የአማርኛ ድምፅ ለሁሉም በነፃ ቢለቀቅ ጥቅሙ ከፌርፋክስ አልፎ እስከ ሰበታ ይደርሳል። ለዚህ የሚሆኑ መሐንዲሶች በካሊፎርኒያ ሞልተዋል። እስከዚያው ግን ትልቅ በጀት የማይጠይቁ ሁለት ነገሮች ዛሬ ሊደረጉ ይችላሉ። አንዱ የማኅበረሰብ ማኅበራት፣ ዕድሮችና አብያተ ክርስቲያናት ጥቂት ማጫወቻዎችን ገዝተው ለአንድ ወር በሙከራ የሚያውሱበት ሥርዓት ነው፤ በመቶዎች ዶላር የሚያወጣን ዕቃ ሳይዳስስ የሚገዛ አዛውንት መኖር የለበትም። ሌላው በየቤቱ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው የብሬይል ኢንስቲትዩቱን ማመልከቻ ሞልቶ እንዲልክ ማሳሰብ ነው። አገልግሎቱ አለ፤ ነፃ ነው፤ የማያውቀው ሰው ግን እንደሌለ ይቆጠርበታል።

የአካል ጉዳተኝነት ፖሊሲ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚለካው የሥራ፣ የትምህርትና የሕክምና ነገር ነው፤ ልኩም ትክክል ነው። ዓይነ ስውር የሆነችው የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሸለመችው ለእነዚሁ መብቶች ባደረገችው ትግል ነው። ሥራውን ጨርሶ ጡረታ ለወጣ ሰው ግን መብት የሚለካው በሌላ ሚዛን ነው፤ ቀኑን ማን ያዝበታል በሚል። መቼ እንደሚሰማ፣ ምን እንደሚሰማ፣ መቼ እንደሚያቆም ራሱ የሚወስን ሰው በቤቱ ባለቤት ነው። በዚህ ሚዛን አምስት የሚዳሰሱ ቁልፎች ከብዙ ሪፖርት ይበልጣሉ፤ ቁልፎቹን የሚመርጠውም ጣቱን የሚያሳርፍባቸው ሰው መሆን አለበት።